ድንገት ዝም ሲል

«ተመስገን፣ ዛሬስ የእትዬ እንባ ቆመ» አለች ጎረቤቲቱ፣ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሻይ እያቀበለች።

ወጣቷ ሐኪም ብርጭቆውን ተቀበለች እንጂ አልጠጣችም። ሟቹ መምህሯ ነበሩ። ልባቸውን ወይም ደረታቸውን በቀዶ ጥገና ተከፍተው የወጡ ሕሙማንን እንዴት እንደምትጠብቅ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ነገ የእነዚህን ሕሙማን ክፍል ብቻዋን ትረከባለች። ከቀብሩ ወዲህ የሚያስፈራት ይኸው ነበር። አሁን ግን የመምህሯን ባለቤት ስታይ ሌላ ፍርሃት ያዛት። ትናንት ቤቱን በጩኸት ሲያናውጡት የዋሉት ሴት፣ ዛሬ ጥግ ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ።

«እሳቸውስ ተጽናኑ እኮ!» አሉ አንድ አዛውንት። ለቀስተኛው ሁሉ እፎይ አለ።

አይ ለቀስተኛ! እሷም አንዴ እንዲሁ እፎይ ብላ ነበር።

ተለማማጅ ሳለች ነው። ከታካሚው ደረት የወጣው ቱቦ ደሙን ጠብ ጠብ እያደረገ ወደ ጠርሙስ ሲያወርድ ቆይቶ ድንገት ቀጥ አለ። «ዶክተር፣ መድማቱ ቆመ!» አለች እየተፍለቀለቀች። መምህሯ አልሳቁም። ቱቦውን ይዘው ከላይ ወደ ታች በጣቶቻቸው እየጨመቁ አለቡት። የረጋ ደም ወጣ፤ ትኩሱ ተከትሎት ተንዶለዶለ።

«ቀስ እያለ የቀነሰ ደግ ነው። ድንገት ዝም ያለን ግን ፍሪው፤ ደሙ መውጫ አጥቶ ልብ ያንቃል» አሏት።

ታካሚው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ተመልሶ ለጥቂት ተረፈ። እሷ ኮሪደር ላይ ጠብቃ መምህሯን አስቆመቻቸው።

«ዶክተር፣ ይቅርብኝ። ለዚህ ሥራ አልሆንም፣ ፈሪ ነኝ።»

«ፈሪ ለእናቱ ይባላል። እዚህ ክፍል ግን ፈሪ የሚበጀው ለሰው እናት ነው። ነይ ግቢ!»

ከዚያ ወዲህ መምህሯ «ፈሪዋ» እያሉ ነበር የሚጠሯት።

አሁን ብርጭቆውን አስቀመጠችና ከሴትዮዋ እግር ሥር ተንበረከከች።

«እትዬ።»

እጃቸውን ያዘች፤ በረዶ ሆኗል። ከአንጓው ጀምራ ወደ ጣቶቻቸው ቀስ እያለች ጨመቀችው።

«ምን እያደረግሽ ነው ልጄ?»

«ፈራሁ፣ እትዬ። ነገ ብቻዬን ነኝ። ስህተቴን የሚያይልኝ ሰው የለም።»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ከግድግዳው ነቅለው አዩዋት።

«ፈሪዋ አንቺ ነሽ እንዴ?»

«አዎ።»

«‹ዛሬ ተረኛዋ ፈሪዋ ናት› ሲል እኮ… እንቅልፍ የሚወስደው ያን ለት ብቻ ነበር።»

ከዚያ ጩኸቱ መጣ፤ ቤቱን ሞላው።

«ኧረ በፈጠረሽ፣ አታስለቅሻቸው!» ጎረቤቲቱ እየሮጠች መጣች።

ወጣቷ ሐኪም የራሷ እንባ አገጯ ላይ እየወረደ፣ እጃቸውን ሳትለቅ ከላይ ወደ ታች መጭመቋን ቀጠለች።