የኒሎ ምርምር

በሙልታን ከተማ ያለ አንድ ሆስፒታል ኒሎን የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አባል ያደረጋት ወንበር ጎድሎበት ነው። ደንቡ «ከማኅበረሰቡ አንድ ሰው» ይላል፤ ማኅበረሰቡ ደግሞ ኽዋጃ ሲራዎቹ ናቸው፣ ወንድ ተብለው ተወልደው በሴትነት የሚኖሩት። ኒሎ ከእነሱ የአሥራ አንዱ ጉሩ ናት፤ እናትም አለቃም ማለት ነው፤ አሥራ አንዱም ልጆቿ ይባላሉ። በዚህ ላይ ሦስተኛ ሹመት ለራሷ ሰጥታለች፤ ሐኪምነት።

ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆቿ ጡት እንዲያበቅሉ የወሊድ መከላከያ ክኒን ስታድል ኖራለች። ቤተሰብ ምጣኔ ጣቢያ ሄዳ «ለምራቴ ነው፤ ዘጠኝ ወልዳ ገደለችኝ» ትላለች፤ ነርሷም ከንፈሯን እየመጠጠች ትሰጣታለች። ምራት የላትም። ማንበብም አትችል። ያቺ ሐኪም ዛሬ በሐኪሞች ላይ ልትፈርድ ተሰይማ ብስኩት ትበላለች። ነገሩ ራሷንም ያስቃት ነበር።

አጠገቧ ልጇ መሀክ ተቀምጣ ወረቀቱን ታነብላታለች። መሀክ ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ዶክተር ዋቃር ለኮሚቴው ባቀረበው ጥናት ውስጥ ለመግባት ስሟ አንደኛ ላይ ሰፍሯል። ጥናቱ ክኒኑ ውስጥ ያለው ዓይነት ሆርሞን በሐኪም እጅ፣ በልኩ፣ በየወሩ ደም እየተመረመረ የሚሰጥበት ነው።

«እትዬ ኒሎ፣ ልጆችዎ ወደው ነው የሚገቡት?» አሉ ሰብሳቢዋ ፕሮፌሰር።

«እኔ ለሁሉም እፈርማለሁ! በቤቴ ማን ከልክሎኝ?» አለች ደረቷን ነፍታ።

«የለም፣ እያንዳንዷ ለራሷ ነው የምትፈርመው።»

«ታዲያ ጉሩነቴ ምኑ ላይ ነው?» ብላ ሌላ ብስኩት አነሳች። ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ደስ አላት።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «የደም ምርመራው ቢቀር እላለሁ። ላቦራቶሪያችን አይችለውም። ደግሞስ በከተማችን በዚህ መድኃኒት ማን ሞቶ ያውቃል?»

መሀክ ከወረቀቱ አነበበች፤ «በከተማው የተመዘገበ ሞት፣ ዜሮ።»

ኒሎ የያዘችውን ብስኩት መልሳ አስቀመጠች። ዝም ብትል ክብሯ አይነካም፤ መሀክ ግን ያለ ምርመራ ልትገባ ነው። ፈራች። ከኮሚቴው ይልቅ የፈራችው መሀክን ነበር።

«አንድ አለች» አለች። «ጉልናዝ ትባላለች። እግሯ አበጠ፤ በሰናፍጭ ዘይት አሸሁላት። በሦስተኛው ቀን ትንፋሽ አጥሯት ሞተች። ታይፎይድ ነው ብዬ አስወራሁ። ዘመዶቿ በወንድ ስሟ ቀበሯት፤ የት ትመዝገብ?»

«እግሯ ላይ ደም ረግቶ ነው፤ ክኒኑ ሲበዛ ያደርገዋል። በቀን ስንት ክኒን ነበር የምትወስደው?» አለ ዶክተር ዋቃር ቀስ ብሎ።

«ሁለት ነበር የጠየቀችኝ። ስድስት አዘዝኩላት። ሁለት ይህን ያህል ካበቀለ ስድስት ስንት ያበቅላል ብዬ አሰላሁ። ተመራማሪ ነኛ!»

ይስቁልኛል ብላ ጠበቀች። ማንም አልሳቀም። እንዲስቁላት በመመኘቷ ፊቷ በሀፍረት ጋለ።

«እማ» አለች መሀክ፤ ድምፅዋ ተለውጧል። «እኔ እኮ ነኝ ሌሊቱን ሙሉ ያስታመምኳት። ታይፎይድ ነው ስትይኝ አመንኩሽ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ለእኔስ ስንት ነው የምትሰጪኝ?»

ኒሎ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። «አራት። ከጉልናዝ በኋላ ቀነስኩት» አለች። ከሃያ ዓመት ምርምሯ ያገኘችው ውጤት ይኸው ነበር፤ ከስድስት ወደ አራት።

ሽማግሌው ሐኪም አንገታቸውን ደፉ። ሰብሳቢዋ የደም ምርመራው አይቀርም ሲሉ የተቃወመ የለም።

መሀክ እስክሪብቶ አንስታ ዜሮውን ሰረዘችና «አንድ፣ ጉልናዝ» ብላ ጻፈች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ወደ ዶክተር ዋቃር ዘረጋች።

«ከእኔ ጀምሩ» አለችው። «ዛሬ ጠዋትም አራቱን ውጫለሁ።»