አደራ የማይጫንበት መንገድ

የኔነሽ ከሲያትል ወጥታ በተጓዘች ቁጥር የራሷን ዕቃ በወጉ ይዛ አታውቅም። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ አዲስ አበባ ደርሳ ተመልሳለች፤ አራቱንም ጊዜ ሁለቱን ሻንጣዎቿን የሞላው የሰው አደራ ነበር። የሰው ጫማ፣ የሰው ቫይታሚን፣ የሰው የሠርግ ቀሚስ። የእሷ ቅያሪ ልብስ ከጥርስ ብሩሿ ጋር በእጅ ቦርሳዋ ጥግ ተወሽቆ ይሄዳል። እምቢ ማለት አልፈጠረባትም። በምትኖርበት በኦቴሎ ሰፈር ያለ አበሻ ሁሉ ይህን ያውቅላታል፤ አንዳንዱማ የእሷን ጉዞ ከእሷ ቀድሞ ያቅዳል።

ሥራዋም ያው ነው። አየር ማረፊያው ውስጥ መራመድ ያቃታቸውን መንገደኞች በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ከበር በር ታደርሳለች። በቀን አሥር ማይል ያህል ትሄዳለች፤ የምትሄደው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ወደሚሄድበት ነው። አንድ ቀን ከፓሪስ የመጡ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ደረሷት። ሴትዮዋ ጉልበታቸው ቢከዳቸውም ምላሳቸው ደህና ነበርና እስከ ታክሲው ድረስ ስለ አንድ የእግር መንገድ አወሯት። መንገዱ በደቡብ ፈረንሳይ ገጠር ሴሌ የሚባል ወንዝ ዳር ዳሩን ይሄዳል፤ ከመንደር መንደር እያደረሰ፣ ድሮ ተሳላሚዎች በረገጡት ድንጋይ ላይ። ታክሲው ውስጥ ሲገቡ ከቦርሳቸው የዚያን መንገድ መምሪያ መጽሐፍ አውጥተው ሰጧት። እኔ ከእንግዲህ አልሄድበትም አሏት።

የኔነሽ መጽሐፉን በእረፍት ሰዓቷ ሁለት ዓመት ሙሉ አነበበችው። አብዝታ የምታየው ማርሲያክ የሚባለውን መንደር ገዳም ነበር። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በጦርነት ተመትቶ ግማሹ ጣሪያ አልባ ሆኖ ቀርቷል፤ ካህናቱ ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ ሣር በቅሏል። ያን ሣር ማየት አማራት። ለምን ብትባል፣ አማራት፣ አለቀ።

በፈረንጆች 2013 ዓመት ቆረጠች። የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወሰደች፤ ጉዞውንም ከፋሲካ በኋላ በበዓለ ሃምሳ አደረገችው፤ ፈረንሳዮቹ ያቀረቡላትን ያለ ጾም ሐሳብ እንድትበላ። መጽሐፉ መንገደኛ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ በላይ አይሸከም ይላል፤ ለእሷ ሰባት ኪሎ መሆኑ ነው። የጀርባ ቦርሳዋን በሻንጣ መመዘኛዋ ላይ ሰቀለችው። ስድስት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ጓዝ ስትመዝን የኖረች ሴት የራሷን ስትመዝን ይህ የመጀመሪያዋ ነበረና ብቻዋን ቤት ውስጥ ሳቀች። በዚህ ጉዞ የማንንም አደራ ላትይዝ ለራሷ ቃል ገባች።

ስህተቷ ለአዳነች መንገሯ ነው። አዳነች ጎረቤቷ ናት፤ ደግ ሴት ናት፤ ወሬ ግን አያድርባትም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ነገሩ ሌላ መልክ ይዞ ጠበቃቸው። የኔነሽ ስለት ኖሮባት ወደ ጥንታዊ ገዳም በእግሯ ልትሳለም ነው ተባለ። አይደለም፣ ለመዝናናት ነው ብትል ማን ያምናታል? በሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ መኪና ሞልቶ ተርፎ፣ ሳምንት ሙሉ በእግሯ የምትዝናና ሴት በዚያ ግቢ ታይታ አታውቅም።

መጀመሪያ የመጡት እትዬ ሮማነወርቅ ናቸው። ሰማንያ ዓመታቸውን ያከበሩ፣ ሁሉም እጅ የሚነሳቸው እናት ናቸው። አንድ እስር ጧፍና ባለ ወርቅ ዘርፍ የከፋይ ጥላ ይዘው መጡ። ገዳሙ የቅዱስ ጴጥሮስ መሆኑን ሰምተዋል፤ ስለት ነበረባቸው። የኔነሽ አንገቷን ሰብራ፣ ገዳሙ እኮ ግማሹ ጣሪያ የለውም ልትላቸው ሞከረች።

«ሶ ጥላ ያስፈልገዋላ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ሮማነወርቅ።

ጥላው ቦርሳው ጎን ታሰረ። በማግስቱ አዳነች፣ የኔነሽ በምታልፍበት ፓሪስ ላለችው እህቷ ሦስት ኪሎ በርበሬና ሽሮ አመጣች፤ አንዱ ለአክስቱ ልጅ ጫማ፣ ሌላዋ ለክርስትና ልጇ ካፖርት። ካፖርት በግንቦት። የኔነሽ ለሁሉም እሺ፣ ችግር የለም አለች። ሐሙስ ቀን ቦርሳውን ስትሰቅለው መመዘኛው አሥራ ሰባት ኪሎ አለ። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በራሷ ተናደደች፤ ከሰዎቹ ይልቅ በራሷ።

ቅዳሜ ቦርሳዋን እንዳለ አዝላ ለልምምድ ወጣች። በባቡር ማውንት ቤከር ጣቢያ ወርዳ፣ ከዚያ በከተማው ዳር ያለውን ሐይቅ ተከትላ እስከ ሰዋርድ ፓርክ ልትሄድ ነው። አዳነች ላጫውትሽ ብላ አብራት መጣች፤ በእጇ ከስልኳ በቀር ምንም አልያዘችም። ሐይቁ ያንጸባርቃል፣ ዳክዬው ይንጫጫል፣ አዳነች ታወራለች፣ የኔነሽ ታለከልካለች። ግማሽ መንገድ ላይ ትከሻዋ አልታዘዝ ሲላት ቦርሳውን አግዳሚ ወንበር ላይ ጣለችው። አዳነች ደንግጣ፣ እስቲ እኔ ልያዝልሽ አለችና ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ማንገቻውን አጠለቀች። ልትነሳ ሞከረች። አልተነሳችም። እንደገና ሞከረች፤ በሩጫ የሚያልፍ አንድ ፈረንጅ ቆሞ እጇን ይዞ አነሳት።

ስንት ሰው ነው እዚህ ውስጥ የገባው ብላ አዳነች ጠየቀች።

«ሦስት ኪሎው ያንቺ ነው» አለች የኔነሽ፣ ያለ ምንም ክፋት።

አዳነች በርበሬና ሽሮዋን እዚያው አወጣች፤ እስከ ቤቷም እንደ ሕፃን አቅፋው ሄደች። ማታውን ያልደወለችለት ሰው የለም። ሴትየዋን ልንገድላት ነው እንዴ እያለች ኮል አደረገች፣ ቴክስት አደረገች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም እያፈረ መጥቶ የየራሱን ወሰደ። እትዬ ሮማነወርቅ ጧፉን እዚሁ አበራዋለሁ አሉ፤ ጥላውን የእኛው ታቦት ይጠለልበታል ብለው ባረኳት።

ቦርሳው ወደ ልኩ ተመለሰ፤ የኔነሽ ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም። እሷ ለማንም እምቢ አላለችም። እምቢ ያለችላት አዳነች ናት። ነገ ሌላ ሰው ቢመጣ ያው እሺ እንደምትል ልቧ ያውቀዋል፤ ይህ ከነከናት።

ሌላው ሰው ማክሰኞ ጠዋት መጣ። ታላቅ ወንድሟ ሙላቱ ከከተማው ወጣ ካለችው ሾርላይን ነድቶ ወደ አየር ማረፊያ ሊያደርሳት ነው። ወደ አሜሪካ ያመጣት እሱ ነው፤ የቪዛዋን ፕሮሰስ ያደረገላት፣ አየር ማረፊያ ጃኬት ይዞላት የተቀበላት፣ የመጀመሪያውን ክረምት መኝታ ክፍሉን ለቆላት ሳሎን ያደረ። በዚህ ዓለም ላይ እምቢ የማይባል አንድ ሰው ቢኖር ጋሼ ሙላቱ ነው። መኪናውን ፓርክ አድርጎ በአንሶላ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ታቅፎ ገባ። የመኪና ዲናሞ ነው። ፓሪስ የሚኖር የድሮ ጓደኛው ከአሜሪካ መኪና ሌላ አልነዳም የሚል ሰው ነው፤ መኪናው ቆሞበታል። ስድስት ኪሎ ቢሆን ነው አለና ራሱ የቦርሳዋን ዚፕ መክፈት ጀመረ።

የኔነሽ ዚፑን የያዘ እጁን አየች።

«ጋሼ፣ እሱን አልወስድም» አለች።

ሙላቱ አልሰማትም። ከታች በኩል ብናደርገው፣ ልብሱን ብናጥፈው፣ ፓሪስ ላይ ወዲያው ይቀበልሻል፣ አንቺ አትሸከሚውም እያለ ቀጠለ። እሷ እጇን ቦርሳው ላይ አሳረፈች።

«ስለማልችል አይደለም፣ ጋሼ። ስለማልፈልግ ነው።»

ሙላቱ ዲናሞውን ታቅፎ፣ እንደማያውቃት ሰው አያት። ከዚያ ወጣና ዕቃውን መኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ መልሶ አስቀመጠ። ተመልሶ ቦርሳዋን አነሳላት፤ በአንድ እጁ ነበር ያነሳው።

በመንገድ ላይ ሙላቱ ሬዲዮውን ከፍቶ ይነዳል። የኔነሽ በመስኮት እያየች እንባዋን ትውጣለች። አስቀይሜዋለሁ፣ ውለታ በላ ሆንኩ እያለች ታስባለች፤ ከዚያው ጋር ደግሞ፣ ማመን ቢያቅታትም፣ ደስ ብሏታል። ሁለቱ ስሜቶች አንድ ላይ መጥተው የትኛውን እንደምታስተናግድ ጨነቃት። ፍሪዌይ ከገቡ በኋላ ሙላቱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኦኬ። ምንድነው እዚያ ያለው?» አላት።

የኔነሽ ዞር ብላ አየችው። በዚህ ሁሉ ሳምንት ሰዉ የጠየቃት በየት በኩል እንደምታልፍ፣ ፓሪስ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ፣ ቦርሳዋ ምን ያህል ቦታ እንዳለው ነው። ምን ልታይ እንደምትሄድ የጠየቃት እሱ የመጀመሪያው ነው። ፊዣክ ከምትባለው ከተማ ተነስቼ፣ በሰባተኛው ቀን ሦስት ግንብ ያለው የድንጋይ ድልድይ ላይ እደርሳለሁ ብላ ጀመረች። ከገደል ሥር ተጣብቀው የተሠሩትን ቤቶች ነገረችው፤ ወንዙ የሚዞርበትን፣ የወይን እርሻውን፣ ሣር የበቀለበትን ገዳም። መጀመሪያ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ነበር፤ ኋላ ላይ እጇም አብሮ ያወራ ጀመር። እሱ ሬዲዮውን ዘጋ።

የመንገደኞች መውረጃ ደረሱ። መኪናው ሁሉ ቆሞ ሻንጣ ያራግፋል፣ ሠራተኛው ቶሎ በሉ እያለ እጁን ያወናጭፋል። የኔነሽ ወሬዋን አቋርጣ የመቀመጫ ቀበቶዋን ልትፈታ እጇን ሰደደች። ሙላቱ ግን ፍሬን አልያዘም። በሩን አልፎ፣ የአየር ማረፊያውን መዞሪያ መንገድ እንደገና ያዘው።

«ጋሼ፣ አለፍነው እኮ» አለችው።

«ሰዓት አለሽ» አለ ሙላቱ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «ድልድዩ ጋ ገና አልደረስሽም።»