የቀን ፈረቃና የሳምንቱ እንግሊዝኛ

የሆቴላችን ሥራ አስኪያጅ ሰኞ ሰኞ አንድ ከባድ እንግሊዝኛ ይዘውልን ይመጣሉ። ጠዋት ፈረቃ ስንቀያየር ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ያሰልፉናል። የሳምንቷን ሐረግ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሳያስገባ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። እኛም በሌሉበት ጋሼ ዲክሽነሪ እንላቸዋለን።

የዚያ ሳምንቷ "ቱ ዘ ዴትሪመንት ኦፍ" ነበረች።

"ለአንዱ ሲባል ሌላው ሲጎዳ የምትባል ናት። የጨዋ አነጋገር፣ ለስብሰባ የምትሆን" አሉን። ተጎዳ ለማለት ይህን ያህል ጉሮሮ መጠራረግ ለምን እንዳስፈለገ እንግሊዞቹ ይወቁት።

ከዚያ አንድ ነገር ጨመሩ፦ ዓርብ አሳምሮ የተጠቀመባት የሌሊት ሠራተኛ ወደ ቀን ፈረቃ ይዛወራል። ክፍት ቦታው አንድ ነው፤ የሌሊቶቹ ደግሞ እኔና ሳቂታ የምንላት ባልደረባዬ ነን። እኔ ካገባሁ ወዲህ ከባሌ ጋር የምንገናኘው በር ላይ ነው፤ እሱ ሲወጣ እኔ ስገባ። የሳቂታ እናት ደግሞ ብቻቸውን ማደር ይፈራሉ።

ሳቂታ ሐረጓን ሙገሳ አድርጋት አረፈች። ሻዩ ሲጣፍጣት "ቱ ዘ ዴትሪመንት"፣ አንሶላው ሲነጣላት "ቱ ዘ ዴትሪመንት"።

"ኧረ አንቺ፣ ጉዳት ማለት ነው" ብላት፣

"ሂጂ እዚያ፣ ጉዳት እንዲህ ያምራል?" አለችኝ።

ዓርብ ተራዬ ሲደርስ፣ እኛ ተሰልፈን ቆመን ካውያው ሥር የተረሳ የእንግዳ ሸሚዝ ይጨሳል። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣

"ጋሼ፣ እርስዎ እንግሊዝኛ ያስተምሩናል፣ ቱ ዘ ዴትሪመንት ኦፍ የእንግዳው ሸሚዝ" አልኳቸው።

ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጠ። እሳቸው ጭሱን ዞር ብለውም አላዩት።

"ግሩም፤ ልክ ቦታዋ ላይ ገባች። የቀን ፈረቃው ያንቺ ነው" አሉኝ።

ባሌን ቁጭ ብሎ እራት ሲበላ የማየው መሰለኝና ጥርሴን መክደን አቃተኝ።

ሳቂታ ሄዳ ካውያውን ነቀለች። ስትመለስ ፊቷ ላይ ሳቅ የለም።

"እሷ ቀን ገባች" አለች ቀስ ብላ፣ "ቱ ዘ ዴትሪመንት ኦፍ እናቴ።"

"ይኸው ገባት! እንዲህ ነው እንጂ" ብለው ጋሼ ዲክሽነሪ አጨበጨቡላት። ሰልፈኛው ተከተላቸው። እኔም አጨበጨብኩ፤ ፊቷን ማየት ግን አልቻልኩም።