በጥቁር ቀለም የተሣለው የላእከ ማርያም መልክ

አንባቢ ሆይ፥ ከኀዘን ሁሉ የሚከፋው ኀዘን፥ ከጸጸትም ሁሉ የሚመረው ጸጸት፥ ተበዳዩ በሕይወተ ሥጋ ሳለ መናዘዝን የፈራ፥ ተበዳዩ ወደ መቃብር ከወረደ በኋላ ግን ንስሓውን የሚቀበለው ያጣ ሰው ጸጸት መሆኑን፥ ኅሊናህ በመጻሕፍት የተገራ ነውና ሳይነገርህ ታውቀዋለህ።

ስመ ጥሩው ደራሲ ፍሥሐ ጽዮን እንግዳሸት ባረፈ በዓመቱ፥ ከሣጥኑ የተገኙት የጥቁር ቀለም ሥዕሎች በጎንደር ከተማ በአንድ አዳራሽ ለሕዝብ በተገለጡ ዕለት፥ ላእከ ማርያም የተባለ የሰማንያ ዓመት የቅኔ መምህር በምርኩዙ ተደግፎ ከሁሉ ቀድሞ ከደጁ ደረሰ። ይህ ሰው ከሟቹ ጋር በአንድ ጉባኤ ቅኔ የተቀኘ፥ ከአንድ ቁራሽ የበላ ባልንጀራ ነበር፤ ነገር ግን ከአርባ ዓመት በፊት ፍርሃት አሸንፎት፥ ባልንጀራው ለእርሱና ለሌሎች ወዳጆቹ በየቅጅው በአደራ የሰጠውን ያልታተመ ጽሑፍ በስውር ለመርማሪዎች አስረከበ፤ በዚያም ምክንያት ደራሲው ሰባት ዓመት በወህኒ ማቀቀ። ከወጣም በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ በየሰንበቱ ከላእከ ማርያም ጋር በአንድ ማዕድ ሲቀመጥ፥ አሳልፎ የሰጠውን ሰው ይወቅ አይወቅ አንድም ቀን ቃል አልወጣውም። ሽማግሌው ያን ዝምታ «ዐውቆ ይቅር ብሎኛል» ብሎ ተረጐመው፤ እንቅልፍ የሚወስደውም በዚህች ትርጓሜ ብቻ ነበር።

አሁን የመጣው እርግጡን ሊያይ ነው። ደራሲው በወጣትነቱ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ሥዕልን ተምሮ ነበርና፥ የእነርሱን ሥርዐት፥ ይኸውም ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፥ ከሃዲውን ግን በጎኑ አዙሮ በአንድ ዓይን መሣልን፥ እስከ እርጅናው አልተላለፈም። ስለዚህ ላእከ ማርያም በልቡ፦ «ጌታዬ ሆይ፥ በአንድ ዓይን ተሥዬ ልገኝ፤ ዐውቆ ካበላኝ ምሮኛልና» ሲል ጸለየ። መርማሪውን፥ ዳኛውን፥ የወህኒውን አዛዥ፥ ሁሉንም በየአንድ ዓይናቸው እያየ አለፈ፤ የራሱን መልክ ግን ከመካከላቸው አጣ።

የሟቹ ልጅ ወይዘሮ አጸደ አየችውና ጉልበቱን ሳመች። «መሪጌታ፥ እንኳን ደኅና መጡ። የእርስዎን እኔ ላሳይዎ» ብላ እጁን ይዛ ከአዳራሹ ራስ አቆመችው። በዚያም፥ ከሁሉ በሚልቀው ወረቀት ላይ፥ ላእከ ማርያም ፊት ለፊት ተሥሎ፥ ሁለት ታላላቅ ዓይኖቹን ገልጦ የቆመውን ሽማግሌ ይመለከተዋል።

«አባቴ ይህን ሲሥሉ፥ ‹በዚያ ክፉ ዘመን ያልሸጠኝ እርሱ ብቻ ነው› ይሉ ነበር» አለችው።

ወዮ ለዚያ ሽማግሌ! ከሥዕሉ ዓይኖች ፊቱን ወደ እርስዋ መለሰ። «ልጄ፥ አባትሽ ተሳስቷል። የሸጥሁት እኔ ነኝ» አላት።

እርስዋ ግን ሊቃውንት ሲመሰገኑ ራሳቸውን ማዋረድ፥ ባልሠሩት ኀጢአት ራሳቸውን መክሰስ ልማዳቸው መሆኑን በአባትዋ ቤት ስታይ ያደገች ናትና፥ እንባዋን እየጠረገች ፈገግ አለች። «ይህን ትሕትናዎን መች አጣሁት፥ መሪጌታ! አባቴም የሚወዱት ይህንኑ ነበር» ብላ፥ የከበቡት ሰዎች እጁን ይሳለሙ ዘንድ ዞር አለችላቸው። እርሱም ቃሉን ዳግመኛ ይናገር ዘንድ አፉን ከፈተ፤ ኀይል ግን አልቀረውም፤ እጁን እየሰጠ፥ እየተሳለሙት፥ ቆመ። በደሉን ያላወቀ ተበዳይ ምሕረት አይሰጥምና፥ ከተገለጠ ኀጢአት ይልቅ የተመሰገነ ኀጢአት ይከብዳል።