ለጆሳያ የተቀዳ ውሃ

«ግርጌው ጋ ባስቀምጠውስ?» አለ ብሬንት፣ አንድ ካርቶን የታሸገ ውሃ እንደ ሕፃን ታቅፎ።

የዴልማ አክስት ጀማይማ በአገጯ ጠቆመችው። አዳራሹ በለቀስተኛ ስለተሞላ ሌላ ባዶ ቦታ አልነበረም። ካርቶኖቹ ጆሳያ በተኛበት ሳጥን ግርጌ አንዱ ባንዱ ላይ ተደረደሩ፤ ዴልማም ከወንበሯ ሳትነሳ አባቷን በፕላስቲክ ሲያጥሩት አየች። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የመንደሩን ውሃ ሲያጣራ ኖሮ፣ ሲሞት የታሸገ ውሃ አመጡለት።

ብሬንት ውሃን የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰው ነው። ጠዋት ከተንደር ቤይ ከተማ በትንሿ አውሮፕላን ገብቶ፣ እጇን ጨብጦ፣ «ጆሳያ ትልቅ ሰው ነበር» ሲላት ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዴልማ ያን እንባ አላመነችውም። አባቷ ዓመት ከዓመት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ «ብቻዬን ነኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ማረፍ አልቻልኩም፤ የሚያግዘኝ ሰው ላኩልኝ» ሲል ሰምታለች። ሰው ላኩልኝ ሲላቸው የታሸገ ውሃ በካርቶን ይልኩለት ነበር። በመጨረሻ እሷው የሱቅ ሥራዋን ትታ፣ ተምራ፣ ፈቃድ አውጥታ ረዳቱ ሆነች። ልቡ ግን ከዚያ በፊት አልቆለት ነበርና ብዙ አልቆየም። ማጣሪያ ቤቱ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አገኘችው።

«አሁን ውሃውን ማን ሊያየው ነው?» አለች ከኋላዋ አንዲት ሴት በሹክሹክታ።

«ማንም ይየው ማን፣ እኔ እንደሁ አልጠጣው» አለች ሌላዋ። «ክሎሪን ራሱ ሲጠጣው ነበር፤ ይኸው፣ የት ደረሰ?»

ክሎሪን የሚሉት ጆሳያን ነው። ልብሱ እንደ መዋኛ ገንዳ ክሎሪን ስለሚሸት ያወጡለት ስም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ አፍንጫቸውን ይዘው «ዋናተኛው መጣ!» ይሉታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ዴልማ ግን አንድም ቀን ስቃ አታውቅም። አሁንም ዞር ብላ አላየቻቸውም፤ ብታይ የምትናገረውን ፈራች።

በእኛ በአኒሺናቤዎች፣ በአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ወግ ሰው ሲሞት ደጅ እሳት ይነዳል፤ ሟች መንገዱን እስኪጨርስ አራት ቀን አይጠፋም። እስከዚያ የቅርብ ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም። እንጨቱን ሌላ ይፈልጣል፣ ሻዩን ሌላ ይቀዳል። ልጅ እጇን ለሥራ ካነሳች አባት ልቡ ይከፈላል፣ ወደኋላ ያያል፣ መንገድ ይስታል ይባላል። ውሃው ግን ሐዘን አያውቅም። የሚያየው ካጣ ይበላሻል፤ በመንደሩ ደግሞ ፈቃድ ያላት ዴልማ ብቻ ናት።

ብሬንት አጠገቧ ቁጭ አለ። «አንቺ አትቸገሪ። ሰው እስክናገኝ ድረስ ‹አፍልታችሁ ጠጡ› የሚለውን ማስታወቂያ በየበሩ እንለጥፋለን።»

«እስከ መቼ?»

«ለጥቂት ቀን ነው፣ ግድ የለሽም።»

ያንን ጥቂት ቀን ዴልማ ታውቀዋለች። ሕፃን ሳለች ለጥቂት ቀን ብለው የለጠፉት ማስታወቂያ የተነሳው እሷ አድጋ፣ ወልዳ፣ ገና ባለፈው ጸደይ ነው። ዳግመኛ ከተለጠፈ ያንን ቧንቧ የሚያምን ሰው አይኖርም። የአባቷን ድካም ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው።

ማስታወቂያው የተነሳ ዕለት ጆሳያ በዚሁ አዳራሽ ድግስ ደግሶ ነበር። ጸጉሩን ተቆርጦ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ከቧንቧ የቀዳውን ውሃ በየብርጭቆው ደረደረ። ሰው መጣ። የዝይ ሾርባውን ጠጣ፣ ዓሣውን በላ፣ ከዚያ ከየቦርሳው የታሸገ ውሃውን አወጣ። ብርጭቆዎቹን የነካ የለም። የገዛ እህቱ ጀማይማ እንኳ፣ «ይቅርብኝ ወንድሜ፣ አትቀየመኝ» አለችው። ሁሉም ሲሄዱ ጆሳያ አንዱን ብርጭቆ ጠጣና የቀረውን እያነሳ ደፋ። ዴልማ ያን ቀን መንደሩን በሙሉ ተጸየፈችው።

ጀማይማስ ምክንያት ነበራት። ያኔ ቧንቧው እንደ ሻይ የጠቆረ ውሃ በሚተፋበት ዘመን፣ ከደቡብ የመጡ የመንግሥት ሰዎች «ንጹሕ ነው» ብለዋት የበኩር ልጇን አጠበችበት። ገላው ቆስሎ መግል ቋጠረ። ጆሳያ የውሃውን ሥራ የያዘው ያንን ቁስል አይቶ ነው። በመጀመሪያው ቀን የውሃ ማጠራቀሚያው ጋን ውስጥ ገብቶ አረንጓዴ ልጋግና የበሰበሰ ዓሣ በአካፋ ሲዝቅ ዋለ፤ ሲወጣ ደጃፉ ላይ አስታወከ። «ለካ ይሄን ነው ሲያጠጡን የኖሩት» አለ አፉን እየጠረገ።

ብሬንት በመጣ ማግስት ዴልማ ደጅ ወጣች። እሳቱን የሚጠብቁት ሽማግሌ ኤላይጃ የሆኪ ጃኬታቸውን ለብሰው እንጨት ይቆሰቁሳሉ።

«አያቴ፣ ልሄድ ነው። ውሃውን ልየው።»

«ሴቶቹ ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ?»

«አባትሽ ወደኋላ ያያል ይሉኛል።»

ኤላይጃ ሳቁ። «እሱ በቁሙስ ከዚያ ቤት ላይ ዓይኑን መቼ ነቅሎ ያውቃል? ከኔ ጋር ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ፣ ዓሣው መንጠቆው ላይ እያለ ፓምፑ ትዝ ብሎት የሮጠ ሰውዬ! ሂጂ፣ ልጄ። ዞር ብሎ ካየም ሥራሽ ላይ ያግኝሽ።»

ማጣሪያ ቤቱ ውስጥ የአባቷ ጃኬት ሚስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። አልነካችውም። በትንሿ ጠርሙስ ውሃ ቀድታ የመመርመሪያውን ዱቄት ጨመረችበት፤ ፈዛዛ ሮዝ ሆነ። ክሎሪኑ አንሷል። መጠኑን ከፍ አድርጋ ጠበቀች፣ ደግማ ቀዳች፤ አሁን ቀለሙ ደመቀ። አባቷ ይህን ቀለም ሲያይ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ «አየሽልኝ?» ይላት ነበር። እሷም ከፍ አደረገችው፤ የሚጠይቃት ግን አልነበረም፤ ያኔ አለቀሰች።

ብሬንት ማስታወቂያዎቹን በብብቱ ሸጉጦ የገባው ይሄኔ ነው። ክሎሪን ሲያንስ ምን እንደሚከተል ያስረዳት ጀመር። ለቀባሪው አረዱት።

«ብሬንት፣ ውሃውን የሚያየው ሰው አለ። እኔ ነኝ። ወረቀትህን ይዘህ ሂድ።»

«ብቻሽን?»

«ረዳት ላኩልኝ።»

«እሱን እንኳ... እንነጋገርበታለን» አለና ፊቱ ፈካ። ሰው ከመላክ ተገላግሎ ነበር። ዴልማ ያንን የፈካ ፊት፣ አባቷ ከጋኑ ከዛቀው ልጋግ ሁሉ አብልጣ ተጸየፈችው። አንድ ቀን እሷንም ያቺው ወንበር ላይ ያገኟታል፤ ያኔም ካርቶን ይዘው ይመጣሉ።

አዳራሹ ስትመለስ ጀማይማ እጇን አፈፍ አድርጋ ያዘችው። «ምን ይሸታል ይሄ? አባትሽ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ትንሽ አታፍሪም?»

«የሱስ እጅ ምን ነበር የሚሸተው፣ አክስቴ?»

ጀማይማ የያዘችውን እጅ ቶሎ አልለቀቀችውም።

ጆሳያ ተቀብሮ፣ እሳቱ በነደደ በአራተኛው ቀን የስንብቱ ማዕድ ቀረበ። ከሁሉ በፊት የሟች ድርሻ ይነሳለታል፤ እሳቱ ዘንድ ወስደው ይሰጡታል። ጀማይማ ለወንድሟ ዝይ ቆረሰችለት፣ ቂጣ አኖረችለት፣ ኩባያውን አጠገቡ አስቀመጠች። ከዚያ ከብሬንት ካርቶን አንድ ውሃ አወጣችና ክዳኑን ከፍታ ቀዳችለት።

ዴልማ ተነሳች። «አባቴ እሱን አይጠጣም።»

«ውሃ አይደለም እንዴ?»

«አይጠጣም፣ አክስቴ።»

ዴልማ ኩባያውን አንስታ ውሃውን የእቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችውና ቧንቧውን ከፈተች። አንዴ አስሎ ለቀቀ። ጣቷን ከሥሩ አኖረች፤ አባቷ ሳይቀዳ በፊት እንዲህ አድርጎ የሐይቁ ቅዝቃዜ እስኪደርስ ይጠብቅ ነበር። ውሃው ገና ለብ ያለ ነው። ጀርባዋ ላይ የስንት ሰው ዓይን እንዳረፈ ታውቃለች፤ አልዞረችም።

ጀማይማ ተከትላት መጣች። እየፈሰሰ ያለውን ውሃ ቆማ ብዙ አየችው። ከዚያ እጅጌዋን ሰብሰብ አድርጋ የገዛ ጣቷን ከዴልማ ጣት አጠገብ፣ ውሃው ሥር አስገባች።

«ገና ነው» አለች። «ትንሽ ይፍሰስ። ቀዝቃዛ ነው የሚወደው።»