ከአንድ በፊት የቆመች ዜሮ

ጋሼ ያርጋል በቅሏቸውን ሊሸጧት እንደሆነ የሰማሁት ሐሙስ ጠዋት፣ ደባርቅ፣ ከማኅበራችን ቢሮ መስኮት ሥር ነው። ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት። ለበቅሎዋ ነበር።

"ቅዳሜ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ እንሄዳለን" አሏት፣ የታሰረችበትን ገመድ ቀስ ብለው እየፈቱ። "ቆማ ለምትውል በቅሎ ገብስ የለኝም፣ ዳማዬ። አትቀየሚኝ።"

መስኮቱን ልዘጋው አሰብኩና እጄ እዚያው ቀረ።

ማኅበሩ የበቅሎ አከራዮች ማኅበር ነው። ቱሪስት ወደ ተራራው ሲወጣ ድንኳኑንና ስንቁን የሚጭኑት የእኛ በቅሎዎች ናቸው። ደንቡ አጭር ነው፤ ጠዋት ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይጫናል። ቢሮው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይከፈታል። ሠርካለም መስኮቱ ላይ ተቀምጣ የመጣውን ሰው ስም ኮምፒዩተሩ ላይ ትጽፋለች። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሊቀመንበሩ ጋሼ ቻላቸው የታተመውን ዝርዝር ይዘው ይወጡና ጮክ ብለው ያነባሉ። ለዕለቱ ስምንት በቅሎ ከተፈለገ፣ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዎች ወደ ተራራው ሰፈር ወደ ጨነቅ፣ የቀሩት ወደየቤታቸው።

ዝርዝሩን በተራ የሚያወጣው ፕሮግራም የእኔ ሥራ ነው። መስከረም ላይ ነው የጻፍኩት። ከዚያ በፊት በደብተር ነበር፤ በደብተሩ ጊዜ ጠብ የማይነሳበት ጠዋት አልነበረም ይላሉ።

ጋሼ ያርጋል ከዳባት በኩል ካለ ገጠር ነው የሚመጡት። ሦስት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው፣ ከሁሉ ቀድመው መስኮቱ ሥር ይቆማሉ። ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ሆኖም ሦስት ሳምንት ሙሉ ስማቸው ከዝርዝሩ ግርጌ ነው።

ከሰው ጋር ማውራት ይከብደኛል። ያን ዕለት ግን ወጥቼ ተከተልኳቸው።

"ጋሼ ያርጋል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ ነገር መቼ ነው የጀመረው?"

ቆም አሉና አዩኝ። "አንቺ ነሽ እንዴ የኮምፒዩተሩ እናት?"

"አዎ።"

"እስከ ጥምቀት ድረስ ደኅና ነበርን እኔና እሱ። ቀድሜ እመጣለሁ፣ ቀድሞ ይጠራኛል። ከጥምቀት ወዲህ ምን እንደበደልኩት አላውቅም።"

"ለጋሼ ቻላቸው ነገሯቸው?"

"ነገርኩት። 'ማሽን አያዳላም' አለኝ። እኔስ መቼ ያዳላል አልኩ? ምን አስቀየመው ነው የምለው።"

አጠገባችን ገዱ በቅሎውን እየጫነ ነበር። የደባርቅ ልጅ ነው፤ ቤቱ ከቢሮው ከመቶ እርምጃ አይርቅም። ሳቀ።

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ በጣም ይቸኩላሉ! እኔን አያዩም? ጠግቤ ተኝቼ፣ ፊቴን ታጥቤ ስመጣ አንደኛ ነኝ። ኮምፒዩተሩ ዘመዴ ነው።"

"ዘመድህ ከሆነ ስለ እኔ አማልደኝ" አሉት።

ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ገዱ ያለው ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

ቢሮ ተመልሼ የዕለቱን መዝገብ ከፈትኩ። በስሙ ጀመርኩ። "ያርጋል" ተብሎ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ የማይታይ ክፍት ቦታ ገብቶ እንደሆነ ፈተሽኩ፤ እንዲህ ያለ ስህተት አንድን ሰው ሁለት ሰው ያደርገዋል። የለም። የኮምፒዩተሩን ሰዓት ከስልኬ ጋር አስተያየሁ። ደቂቃም አልተዛነፈም። ከዚያ የሰዓቱን አምድ ከላይ ወደ ታች አነበብኩ። 01:04፣ 01:09፣ 01:15 እያለ ይወርዳል፣ ወደ ታች 11:25፣ 12:10። ቁጥሩ እያደገ ነው የሚሄደው። ዐይኔን የቆረቆረው ነገር አልነበረም።

"ሠርኬ፣ ጋሼ ያርጋልን መጀመሪያ አይደለም የምትመዘግቢያቸው?"

"መጀመሪያ ነው።"

"ታዲያ ከታች ሲወጡ አልገረመሽም?"

"ገርሞኛል። ግን የራሱ ዘዴ አለው ብዬ ተውኩት። አንቺ የሠራሽውን እኔ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?"

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ራሴ ሞከርኩት። ሦስት የውሸት ስም፣ በሁለት በሁለት ደቂቃ ልዩነት አስገባሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ደረደራቸው። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው። ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የባሰ ነገር የለም፤ ለእኔ ይሠራል፣ ለጋሼ ያርጋል አይሠራም።

ፕሮግራሙ ላይ የነካሁትን ሁሉ የምጽፍበት ትንሽ ደብተር አለኝ። ከጥምቀት ወዲህ ያለው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ጥር 13፣ "ለማተሚያው አዲስ ወረቀት፣ ጠርዙ ተስተካከለ።" ጥር 14፣ "የሰዓቱ አምድ መልኩ ተስተካከለ።" መልክ ነው፤ መልክ ሰው ከተራው አያወርድም ብዬ አለፍኩት።

ጋሼ ቻላቸው ወንበራቸው ላይ እንዳሉ "ልጄ፣ ካልሆነ ወደ ደብተሩ እንመለሳለን" አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ያ ነው የከበደኝ።

ጋሼ ያርጋልን ያገኘኋቸው ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው፣ ከአንድ ዘመዳቸው ደጅ ጥላ ሥር ተቀምጠው። "ነገ አንድ ቀን ብቻ ይምጡልኝ" አልኳቸው። "አጠገብዎ ቆሜ ማየት እፈልጋለሁ።"

"ምኑን ነው የምታይው?"

"የሚቀድምዎትን።"

"ማየቱ ደግ ነው። እኔም ሳላየው እንዳልሸጣት" አሉ።

ዓርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ። ሰማዩ ገና አልነጋም ነበር፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ጋሼ ያርጋል ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው መጡ። ሠርካለም ስማቸውን ጻፈች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ስክሪኑን አያለሁ። አንደኛ ያርጋል።

"አንደኛ ነዎት" አልኳቸው በመስኮቱ።

"እዚህ ላይማ ሁልጊዜም አንደኛ ነኝ። ምን ያደርጋል?"

አሥራ ሁለት ከአምስት ላይ አንድ ሰው መጣ። ሁለተኛ። አሥራ ሁለት ከአርባ ላይ ሌላ። ሦስተኛ። ጋሼ ያርጋል አሁንም አንደኛ ናቸው። ፀሐይዋ በቤቶቹ ቆርቆሮ ላይ ወጣች። እንዲህ እየሆነ እንዴት ነው ወደ ታች የሚወርዱት? ቀጥሎ የሚሆነውን የማየት ጉጉቱ ብርዱን አስረስቶኝ ነበር።

አንድ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ገዱ እያዛጋ ደረሰ።

"ዘመዴ ደኅና አደረ?" አለ በመስኮቱ።

ሠርካለም ጻፈች። ስክሪኑ ብልጭ አለ። አንደኛ ገዱ። ሁለተኛ ያርጋል።

ቀጥሎ የመጣው ከገዱ ሥር ገባ፣ ከጋሼ ያርጋል በላይ። ሌላውም እንዲሁ። በየደቂቃው ጋሼ ያርጋል አንድ አንድ ደረጃ ሲወርዱ አየሁ። ገዱ እውነቱን ነበር፤ የዘገየ ነው የሚቀድመው። ግን ከአሥራ ሁለት ከአርባ እስከ አንድ ከሁለት ድረስ ምን ተለወጠ?

የተለወጠው ሰዓቱ ራሱ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚቆጥረው የፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ፣ ሰው እንዲያነበው ወደ እኛ ሰዓት እያዞርኩ ነው መዝገቡ ላይ የምጽፈው። በእኛ ሰዓት ደግሞ አሥራ አንድ ከአንድ ይቀድማል። ሌሊቱ በአሥራ ሁለት ያልቃል፣ ቀኑ በአንድ ይጀምራል። ትናንት 01:04 ከላይ፣ 11:25 ከታች ሆኖ ሳየው ምንም ያልመሰለኝ፣ ቁጥሩን እንጂ ንጋቱን ስላላየሁ ነው።

"አገኘሽው?" አለችኝ ሠርካለም ፊቴን አይታ።

"ግማሹን።"

ምክንያቱም እስከ ጥምቀት ድረስም ሰዓቱ ይኸው ሰዓት ነበር። ያን ጊዜ ለምን ልክ ሆነ?

ደብተሬን አወጣሁ። ጥር 14። የሰዓቱ አምድ መልኩ ተስተካከለ። ያን ቀን ያደረግኩት ትዝ አለኝ። 11:25 አምስት ምልክት ነው፣ 1:04 አራት። አንዱ ከሌላው ሥር ሲቀመጥ አምዱ ይወላገዳል፤ የተወላገደ መስመር አልወድም። ስለዚህ ባለ አንድ አኃዝ ሰዓቶች ሁሉ ፊት ዜሮ አቆምኩ። አምዱ እንደ ግድግዳ ቀጥ አለ። ደስ ብሎኝ ሁለቴ ነው ያየሁት።

ኮምፒዩተሩ ያንን አምድ ሲደረድር እንደ ሰዓት ሳይሆን እንደ ቃል ነበር የሚያነበው፤ ስምን በፊደል ተራ እንደምንደረድር፣ ከግራ ጀምሮ አንድ በአንድ። በፊት 11:25ን ከ1:04 ጋር ሲያስተያይ መጀመሪያቸው እኩል ነው፣ አንድና አንድ። ሁለተኛው ላይ በአንዱ አኃዝ ያገኛል፣ በሌላው ሁለቱን ነጥቦች። በእሱ የምልክት ተራ ነጥቦቹ ከአኃዞች ሁሉ በኋላ ናቸው። ስለዚህ አሥራ አንድ ይቀድማል። ዜሮዋን ስጨምር ግን ከመጀመሪያው ዜሮና አንድ ተገናኙ፤ ዜሮ ቀደመች።

ለካስ አራት ወር ሙሉ ልክ የነበርኩት በሁለት ነጥቦች ቸርነት ነው። አንድም ቀን አላወቅኩትም።

አንድ ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ለመናደድም ለመደነቅም ጊዜ አልነበረም።

"ዜሮ ናት" አልኩ በመስኮቱ፣ ድምፄ ከወትሮው ከፍ ብሎ። "እኔ ነኝ ያቆምኳት።"

ጋሼ ያርጋል ጠጋ አሉ። "ዜሮ ስንት ናት?"

"ምንም።"

"ምንም ከሆነች ለምን አስቀመጥሻት?"

"ለማሳመር።"

ጋቢያቸውን ከአፋቸው ዝቅ አድርገው "እኔ ልጅ ሆኜ የቄስ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ" አሉ። "በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የምትባል የለችም። ከአንድ ነው የሚጀመረው። እኔማ ከአንድ የሚቀድም የለም ብዬ ነበር በጠዋት የምነሳው።"

ገዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

መስመሩን አገኘሁትና ዜሮዋን አነሳኋት፤ ለጊዜው ሌላ ምንም አልነካሁም። የዕለቱን ሰዓቶች ፕሮግራሙ እንደገና እንዲጽፋቸው አደረግኩ። አምዱ ተወላገደ። 11:20 ከሁሉ በላይ ወጣ፣ ከሥሩ 12:05፣ 12:40፣ ከዚያ ገዱ።

ሠርካለም አተመች። ጋሼ ቻላቸው ወረቀቱን ተቀበሉ፣ የመጀመሪያውን ስም አዩ፣ መነጽራቸውን አስተካክለው እንደገና አዩ። ወደ እኔ ዞሩ።

"ይኸ ልክ ነው?"

"ልክ ነው። ከጥር 14 ወዲህ ያለው ነው ልክ ያልነበረው። እሱንም ይንገሯቸው።"

"አንቺ ንገሪያቸው።"

ሃያ ምናምን ሰው ፊት ቆሜ ተናገርኩ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ መሐል ላይ አንዴ ጠፋብኝ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ቀድመው የመጡ ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ እንደቀሩ፣ ዛሬ እንደተስተካከለ። ማንም አልጮኸም። አንዱ "ታዲያ በጠዋት መነሳት ሊመለስ ነው?" ብሎ አጉረመረመ።

"አንደኛ፣ ያርጋል" አሉ ጋሼ ቻላቸው።

ጋሼ ያርጋል አልተንቀሳቀሱም። የሌላ ሰው ስም እንደሚጠብቁ ሁሉ ዳማዋን ይዘው ቆመዋል።

"ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እኮ!" አለ ገዱ። "ዘመዴም ከዳኝ።" ገመዱን ተቀብሎ ሁለት ድንኳን ሲጭኑ አገዛቸው።

የዚያ ዕለት ጉዞ አራት ቀን ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮው ጸጥ ሲል፣ ዋናውን ጥገና ሠራሁ። ተራው የሚወጣው ኮምፒዩተሩ ራሱ በሚቆጥረው ጊዜ ሆነ፤ የእኛ ሰዓት ለማንበቢያ ብቻ። እውነት እንደሆነ ለማየት ዜሮዋን መልሼ አቆምኳት። ተራው አልተነቃነቀም። አነሳኋት፤ አልተነቃነቀም። አሁን ብትኖርም ባትኖርም ለውጥ የላትም።

ቅዳሜ ጠዋት ሠርካለም በጣቷ ስክሪኑን ነካች። "እሌኒ፣ ይኸ አምድ ተወላግዷል። ማስተካከል አትችይም?"

"እችላለሁ" አልኩ።

በመንገዱ ላይ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ የሚወርዱ ሚኒባሶች ጥሩምባ እየነፉ ያልፋሉ። ዳማዋ ይኼኔ የጨነቅ መንገድ ላይ ናት።

"ጋሼ ያርጋል ሲመለሱ ጠይቀናቸው" አልኳት።