በአማርኛ የወጣችው መስመር

አሶሳ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ነኝ። ማክሰኞ ጠዋት ኡርጂ የምትባል ባለሙያ የዋይፋይ ሞገድ ልትለካ መጣች። በእጇ ትንሽ ኮምፒውተር ይዛለች። ቁልፍ ይዤ እንድከተላት ታዘዝኩ።

«አባባ፣ ሞገዱንም የሚጠብቁት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ የምጠብቀው በር ነው።»

ሳቀች። በየክፍሉ ስትዞር ከትከሻዋ ኋላ ሆኜ አያለሁ። ኮምፒውተሯ ላይ የዋይፋይ ስሞች ተደርድረዋል፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። እኔ የማነበው አማርኛ ብቻ ነው። የጓሮውን በር ስከፍትላት ከታች አንድ መስመር በአማርኛ ወጣች።

«አባዬ ይሄን ንካ»

ልጄ ሰራዊት የአይሱዙ ሾፌር ነው። ስልኬ ላይ የትኛውን እንደምነካ ግራ ቢገባኝ፣ በኪሱ ይዞት ለሚዞረው ኪስ ዋይፋይ ይህን ስም አወጣለት። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ካማሺ ጭኖ ሄደ። መኪናውም እሱም አልተመለሱም። እናቱ የሻረግ፣ «ይመጣል» ትላለች። እኔ ስልኬን አጥፍቼ አላውቅም።

«ይሄ የት ነው ያለው?» አልኳት።

«ሰማንያ ስምንት ይላል። ቁጥሩ ከቀነሰ ቀረብን ማለት ነው።»

«ውሰጂኝ።»

ፊቴን አይታ ቀድማኝ መራመድ ጀመረች። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ በሩን ጥዬ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። አጥሩን ዞረን ወጣን። ሰባ። በባጃጅ ተራው በኩል ሥልሳ አንድ። በየደጁ የተቀመጠውን ወንድ ሁሉ ፊት አየሁ።

«አርባ» ብላ ኡርጂ ቆመች።

የዓፊያ የማንጎ ጁስ ቤት ነው፤ ዓፊያ ራሷ ጠረጴዛ ትወለውላለች። ኪስ ዋይፋዩ መደርደሪያው ላይ ተሰክቷል። ጀርባው ላይ ሰራዊት በእጁ የጻፈው የይለፍ ቁጥር እንደተለጠፈ ነው።

«ልጄ የት ነው?» አልኳት ዓፊያን።

«የምን ልጅ አባባ? ይሄ እኔ ገዛሁ። ለደንበኛ ነው።»

«ከማን?»

«ከካማሺ የመጣ ሰውዬ። ገደል የገባ መኪና ውስጥ አገኘሁ አለ።»

«ሾፌሩስ?»

የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። «ወላሂ እኔ አላየሁም። የአገሩ ሰዎች ቀበሩት አለ። ስሙ አላወቁም።»

ወንበር ሳበችልኝ። አልተቀመጥኩም። ዕቃውን ነቅላ በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

«ውሰድ አባባ። ያንተ ነው።»

ትንሽ ያዝኩት። ከዚያ መልሼ ሰካሁት።

ኡርጂ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኮምፒውተሩ የዚህን ዋይፋይ ባለቤት ስም ይጠይቃል። ባዶ ልተወው?» አለችኝ።

«የዓፊያ በይ።»

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ሳወጣው፣ ሳያስፈቅደኝ ከልጄ ዋይፋይ ጋር ተገናኝቷል።